የመጨረሻዋ ፍሬ

የነርሷ ሥራ ከሐዘን ቤት ሐዘን ቤት መዞር ነው። መድኃኒት በከተማው ስንቱን ሰው እንደሚገድል ለመገመት፣ ሟቹ ይወስደው የነበረውን ታያለች፤ የተረፈውን ፎቶ ታነሳለች። ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ቤት ስትመጣ ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ባለቤታቸውን ለሞት ያበቃቸው የልብ ክኒን ነበር።

ሽማግሌው የክኒኑን እሽግ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ስታነሳው ግማሹ አልተነካም ነበር፤ አሁን የቀረችው አንዲት ፍሬ ናት።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚውጡት? ይሄ እኮ እሳቸውን የገደለ ነው!"

"እኔማ ድንጋይ ብበላ የሚፈጭ ሆድ ነው ያለኝ። እሷ ናት እንጂ፤ ጠዋት ጠዋት ሰዓቷን አታዛንፍም።"

"አባባ፣ እሳቸው እኮ አርፈዋል" አለችና ልትወስደው እጇን እሽጉ ላይ ጫነች።

"አውቃለሁ ልጄ፣ አፈር ያለበስኳት እኔው ነኝ።" ክንዷን ያዝ አደረጉ። "ግን ይህቺን አትውሰጂብኝ። ይልቅ ፋርማሲ የምታውቂው ሰው ካለ ሌላ አስገዢልኝ። ይሄ ካለቀ በምን ትመጣልኛለች?"

ከተዘጋው መኝታ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ሁለቱም ሰሙ።

ነርሷ እጇን አነሳች። የመጨረሻዋ ፍሬ የነበረችበት ቦታ ተቀዶ ባዶውን ቀርቷል።

ሽማግሌው እሽጉን አላዩትም። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

"አለቀ እንዴ?" አሉ።