ዐሥረኛው ቀን

ኦድቫር፣ የደረሱበት ቀን ስለማይቆጠር የዐሥር ቀኑ ኳራንቲን የሚያበቃው ነገ ነው አለ፤ ሚስቱ ቱሪድ ደግሞ ይቆጠራል፣ ዛሬ ጧት አልቋል አለች። ከስዊድን ወደ ኖርዌይ ተሻግረው ልጃቸው ግቢ ካቆሙት ካራቫን፣ በመኪና ከሚጎተተው ቤታቸው፣ ሳይወጡ ከርመዋል። ቱሪድ በመስታወት እንጂ በእቅፏ ያላወቀቻትን አራስ የልጅ ልጇን ልትስም የበሩን እጀታ ጨበጠች።

«አንተ ደግሞ! ለአንድ ቀን ፖሊስ ልትጠራብኝ ነው?»

«ቀኑ አይደለም» አለ ወለል ወለሉን እያየ። «ሐሙስ የሽንት ቤቱን ሣጥን ልደፋ ስሄድ ጎረቤቱን አርኔን አገኘሁት። ከፔርሙሱ ቡና ሲቀዳልኝ እምቢ ለማለት አፈርኩ። ትናንት ደወለ፤ ኮሮና ተገኝቶበታል።»

ልጃቸው ሕፃኗን ታቅፋ፣ እየሳቀች በበረዶው ላይ መጣች። ቱሪድ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

«ተመለሺ ልጄ!» ብላ ጮኸች። «ዐሥሩን ቀን ከዛሬ እንጀምራለን።»