የማን ሰው ነህ?

«እትዬ፣ የአገርዎን ልጅ አያምኑም እንዴ?» አላት ኤጀንቱ፣ የቤት ደላላው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ሊገዙት የመጡት ቤት ኩሽና ውስጥ ቆመው ነበር። ቤቱን ገና ከበሩ የወደደችው ልጇ ፎቅ ላይ ክፍል ትመርጥ ነበር። ኤጀንቱ ፎርሙን ዘርግቶ እስክሪብቶ አቀበላት። «ፎርማሊቲ ነው። እዚህ ጋ ሳይን ያድርጉና እስከ ስንት መክፈል እንደሚችሉ ይንገሩኝ። የቀረውን ለእኔ ይተዉት።»

እሷ ግን እንግሊዝኛ በምትማርበት ክፍል ውስጥ እንደለመደችው ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ማንበብ ጀመረች። «ሁሉንም ሊያነቡት ነው? ይመሽብናል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ጣቷን አላነሳችም። ምልክት የተደረገበት አንድ ሳጥን ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ከጎኑ ያለውን ቃል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሦስት ጊዜ ደገመችው። «ሴ... ለር።» ሻጭ ማለት ነው።

«የሻጩ ሰው ነህ?»

«እትዬ፣ ደላላ እኮ የሁለቱም ነው!»

«እሱ አገር ቤት ነው። እዚህ የማን እንደሆንክ ወረቀቱ ይናገራል። አቅሜን ላንተ መንገር ለሻጩ መንገር ነው።» እስክሪብቶውን ከድና መለሰችለት። «ለእኔ የሚቆም ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

ልጇን ከፎቅ ጠራቻት። እናትና ልጅ ወጡ፤ ያገሯ ልጅ ከሻጩ ቤት ቀረ።