ከበሩ ኋላ የምታንጎራጉር ሴት

በሩ ሲንኳኳ እናትየዋ መርዶ መሰላት። ልጇ ናሁሰናይ ለመጨረሻ ጊዜ ከሞያሌ ከደወለ አራት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እጇ ከመወርወሪያው በፊት ነጠላዋን ሊያዘቀዝቅ ይሄዳል።

የመጡት ግን አንድ ረጅም ጎረምሳና አንገቷ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ያንጠለጠለች ኮረዳ ነበሩ።

«እማማ፣ የናሁሰናይ አድናቂዎች ነን» አለ ጎረምሳው። «የሮክ ባንዱን ሁለተኛ አልበም እንደ ጸሎት ነው የምንደግመው።»

«ማንም ያልገዛውን?»

«ያኔ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሲጨፍር ይሄኛው ተረሳ። አሁን ወጣቱ ሁሉ እሱን ብቻ ነው የሚሰማው። መድረክ አዘጋጅተናል፤ እሱ ይምጣልን።»

«አልሸጥ ሲል እኮ ነው ባንዱ የፈረሰው! ልጄም ‹እዚህ ምን ቀረኝ› ብሎ ደቡብ አፍሪካ ሊገባ ወጣ። ይሙት ይኑር አላውቅም።»

ጎረምሳው አቀረቀረ። ኮረዳዋ ልታጽናናት ብላ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት።

«የመጨረሻው ዘፈን ነው፣ እማማ። ከጊታሩ ኋላ አንዲት ሴት ታንጎራጉራለች። ቃሉ አይለይም፤ ግን ሁላችንንም ታስለቅሰናለች። ማን እንደሆነች ያውቃሉ?»

ድምፁ የራሷ ነበር። ልጇ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ሲቀዳ እሷ ከቆርቆሮው በር ኋላ ተንበርክካ ነበር። ያለችውን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፦

«እመቤቴ፣ ይህ ዘፈን አይሳካለት። ዓለም ወስዶ እንዳያስቀርብኝ፣ አንድም ሰው አይስማው።»