የአዲሱ ጉድጓድ የመጀመሪያ ጣሳ

ባልዲው ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል ሁላችንም ዓይናችንን እሱ ላይ እንተክላለን። ገመዱን የሚስበው ልጄ ኤሊፋስ ነው። ባሌ ገርሰን ከታች ሆኖ «ቀስ በል! እንዳታፈሰው!» እያለ ይጮኻል። የደረቀውን የኩይሰብ ወንዝ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲቆፍር ሰንብቶ ዛሬ ጠዋት አሸዋው እግሩ ሥር ረጠበ።

ውሃው ገና ድፍርስ ነው። በጨርቅ አጥልዬ በጣሳ እቀዳለሁ። በገርሰን ቤተሰብ የአዲስ ጉድጓድ ውሃ ከቤቱ እመቤት በፊት ማንም አይቀምስም። እሷ ከፈረደች በኋላ ደግሞ ለማጣራት ብሎ መቅመስ እሷን መስደብ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቀምሻለሁ፤ እንደ ዛሬ ግን ፈርቼ አላውቅም።

ወንዙ ጎርፍ ይዞ ከመጣ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ጎርፍ ሲጠፋ የባሕሩ ጨው ከሥር እየገፋ መጥቶ ውሃውን ያመርረዋል። የድሮው ጉድጓዳችን አምና እንዲሁ ተበላሽቶ አህዮቹ እንኳ አፍንጫቸውን ነፍተውበት ሄዱ። ጎረቤቶቻችንም አንድ በአንድ ሄደዋል፤ አሁን ከእኛ ቤት እስከ ቀጣዩ ቤት ግማሽ ቀን የአህያ ጋሪ መንገድ ነው። ከኤሊፋስ ጋር ያለን ስምምነት አጭር ነው። ይሄኛውም ጨው ከሆነ ዋልቪስ ከተማ፣ እሱ ከሚሠራበት የዓሣ ፋብሪካ ጀርባ ያለችው አንዲት ክፍል ውስጥ እንገባለን። ፒካፕ ተውሶ መጥቷል። ፍራሻችን ከትናንት ጀምሮ ላዩ ላይ ታስሯል።

እጎነጫለሁ።

ምላሴን ያቃጥለኛል። ከዚያ ምሬቱ እስከ ጉሮሮዬ ይወርዳል።

«እህስ እማ?» ይላል ኤሊፋስ።

«መራራ ነው።»

ከታች የቁፋሮው ድምፅ ይቆማል። ኤሊፋስም ደስ ያለው አይመስልም፣ ይህን ልመስክርለት። «በቃ እንግዲህ፣ ድስቶቹን ልጫን» ብሎ ወደ መኪናው ይሄዳል። እኔ አሸዋው ላይ ቁጭ እላለሁ። አምስት ልጅ የወለድኩት እዚህ ነው። ሐብሐብ የመሰለ ፍሬ የሚሰጡኝ የናራ ቁጥቋጦዎቼ ከአሸዋው ኮረብታ ማዶ ናቸው፤ የእኔ የት እንደሚያበቃና የሌላው የት እንደሚጀምር ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ፋብሪካ ጀርባ ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው? ግድግዳ ልቆጥር?

የገርሰን ታላቅ እህት እትዬ ኤልፍሪዳ እስካሁን ግራሩ ሥር ሆነው ፒፓቸውን ሲያጨሱ ነበር። አሁን ተነስተው ይመጡና ጎንበስ ብለው ፊቴን ያዩኛል። ማልቀሴን ሊያዩ መስሎኝ ዞር እላለሁ።

«ዙሪ ወደዚህ! ከንፈርሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነ። ነፋሱ ነው።»

«ነፋሱ! ነፋስ ከንፈር ሲያሳብጥ የት አየሽ? ናራ በልተሻል።»

«እትዬ፣ ይተዉኝ እስቲ። አሁን የናራ ወሬ ነው?»

«በልተሻል ወይስ አልበላሽም?»

በልቻለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ከባሕሩ የመጣው ጉም ገና ሳይነሳ፣ ቁጥቋጦዎቼን ልሰናበት ሄጄ ነበር። አንዷ ፍሬ ቢጫ ቢጤ መሰለችኝና ሰነጠቅኳት። አለመብሰሏን በመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ። ጥሬ ናራ አፍ እንደሚያቃጥል እዚህ የሚድህ ሕፃንም አይጠፋውም። ግን የዕድሜዬ የመጨረሻዋ መሰለችኝ። ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ሁሉ ጉድጓዱ ላይ ስለነበር አፌን ፈጽሞ ረሳሁት።

«ግማሿን ብቻ» እላለሁ።

«ጉድ ፈላ! ኤሊፋስ፣ ያንን ድስት አውርድ! እናትህ በተቃጠለ ምላስ ነው የፈረደችብን! አንቺ ሴትዮ፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ እስኪበስል ታግሰሽ ታውቂያለሽ?»

ጣሳውን ባልዲው ውስጥ ነክረው ይጠጣሉ። የመቅመስ አይደለም፤ ጉሮሯቸው ሲወርድ ሲወጣ አያለሁ። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ወደ ጉድጓዱ ይጠጋሉ።

«ገርሰን! ሞተሃል?»

«አልሞትኩም» ይላል ከታች፣ ድምፁ ቅዝቅዝ ብሎ።

«እንግዲያው ቁፋሮህን ቀጥል! ውሃህ እንደ ወተት ይጣፍጣል። መራራስ ሚስትህ ናት!»

ኤሊፋስም ይጠጣል። አንድ ጊዜ ያየኛል፣ ደግሞ ይጠጣል፤ ከዚያ ሄዶ የፍራሹን ገመድ መፍታት ይጀምራል። ከጉድጓዱ ውስጥ የገርሰን ሳቅ ይሰማል። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው! አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። አፍሬያለሁ፣ ግን ዛሬ እፍረቱም ደስ ይላል።

ጣሳውን ከእትዬ ኤልፍሪዳ እጅ እወስዳለሁ።

«አንቺ ደግሞ በየትኛው ምላስሽ ነው?» ይሉኛል።

ሞልቼ እጠጣለሁ። በእኔ አፍ አሁንም እሬት ነው፤ ጉሮሮዬን እየፋቀ ይወርዳል። እስከ ጣሳው ሥር እጨርሰውና ሌላ እቀዳለሁ።