የሹፌሩ እጢ

የልብ አልትራሳውንድ አንሺ ነኝ። ጠዋት አንድ ሹፌር መጣና አጋድሜ ልቡን ሳየው፣ እጢ! በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ልቡ በመታ ቁጥር ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። የልብ እጢ እኮ ዕድሜህን ሙሉ ሠርተህ አንዴ ብታይ ነው። ቶሎ ተቀዶ ካልወጣ አንድ ቀን የደሙን መንገድ ዘግቶ ሰውየውን ጸጥ ያደርገዋል። ሮጬ የልብ ሐኪሙን ጠራሁት።

እኔና እሱ ዓይንና ናጫ ነን። መመርመሪያውን ከእጄ መንጭቆ ሹፌሩ ደረት ላይ ጫነው። ልቡ ንጹህ ነው።

«የታለ? የሰው ደረት በከንቱ ልታስቀድድ ነበር እኮ! አንተን ብሎ ባለሙያ!»

«ዶክተር፣ እናቴ ትሙት አይቻለሁ! ምናልባት ማሽኑ ይሆናል።»

ሹፌሩ ሁለታችንንም እየረገመ ልብሱን ለብሶ ወጣ።

«ማሽኑ ነዋ! በል እኔን አንሳኝ» አለና ሐኪሙ ሸሚዙን ፈቶ ተጋደመ። «ደህና ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጓዝህን ትጠቀልላለህ።»

መመርመሪያውን ደረቱ ላይ አስቀመጥኩት። ያው እጢ፣ በዚያው ቀጭን ክር፣ እሱ ልብ ውስጥ ይወዛወዛል።

ስክሪኑን አየና ላብ አጠመቀው። ከዚያ መመርመሪያውን ቀማኝና በገዛ እጁ ደረቱ ላይ ጫነው።

ንጹህ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

መጀመሪያ እጄን፣ ከዚያ ደረቴን እያየ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከኔና ከሱ በቀር ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። መመርመሪያውን እንደያዘ አልጋውን በመዳፉ መታ መታ አደረገልኝ።

«ና እስቲ ጋደም በል፣ ልጄ» አለኝ።

ልጄ ብሎኝ አያውቅም።