ለባንክ የተላኩ ሽማግሌዎች

"እንዳትከፍት!" አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ...

በሩ ደግሞ ተንኳኳ።

የባንኩ ሰው ነበር። አገኘሁ ይባላል።

እናቴ ደሳለች ከጉና ድንችና ገብስ እያስመጣች ደብረ ታቦር ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት። ቤቱን በባንክ ብድር ገዛችው። መንገድ ሲዘጋ ገበያው ቆመ... ክፍያውም ቆመ።

ያኔ ሃያ አልሞላኝም። ባጃጅ እነዳ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማውራት አልወድም።

"ቤቱን ሊለካ ነው የሚመላለሰው። ለሐራጅ!" አለች ሰውየው ሲሄድ።

"ሄደሽ አናግሪያቸዋ።"

"በየትኛው ፊቴ? የብድሩን ዘመን አራዝሙልኝ ብል እስክሞት ልከፍል ነው። ጥቂት ወር ታገሱኝ ብል ወለዱ ይቆለላል። ሸጬ ልክፈል ብል... የት ልንገባ?"

እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ምን አደረገች?

ሽማግሌ ላከች። ለባንክ!

ቄስ መልካሙንና አያ ጥላዬን በባጃጄ አደረስኳቸው። ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ገቡ።

ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ።

"አባቶቼ፣ ልጄ እኮ ገና ተማሪ ናት..."

"ልጅህን ማን ጠየቀህ!" አሉ አያ ጥላዬ። "የመጣነው ለደሳለች ቤት ነው!"

ባንኩ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም።

"እሷ ራሷ መቅረብ አለባት" አለ ሥራ አስኪያጁ። "የሐራጁ ማስታወቂያ ነገ ይወጣል።"

ገበያ በረርኩ። የገብሱን ብናኝ ከነጠላዋ ሳታራግፍ አመጣኋት።

አገኘሁ ወንበር ሳበላት።

"እትዬ ደሳለች፣ ስመላለስ የከረምኩት ይህን ልነግርዎ ነው። ዘመኑ ይራዘማል፣ የወሩ ክፍያ ይቀንሳል። ተደምሮ ሲታይ ግን የሚከፍሉት ይበዛል። አውቀው ይፈርሙ።"

"ከቤቴ አያስወጣኝም?"

"ከከፈሉ አያስወጣዎትም።"

ፈረመች።

"ቤት ለቤት መዞር ሥራህ ነው እንዴ ልጄ?"

"አይደለም" አለ ወረቀቱን እየሰበሰበ። "የእናቴ ቤት በሐራጅ ተሸጧል። ማራዘም እንደሚቻል የነገራት አልነበረም። ዛሬ ቤቱ ምግብ ቤት ሆኗል። ጓደኞቼ ምሳ እዚያ ይበላሉ... እኔ አልገባም።"

ቤቱን ሊነጥቀን መጣ ያልነው ሰው፣ ቤቱን ሊያተርፍልን ነበር የሚለፋው።

ዕዳ ያስጨንቃል። እፍረት ግን ቤት ያሳጣል። ቀኑ ሳያልፍ ሄዳችሁ ጠይቁ... ከመፈረማችሁ በፊትም ስንት እንደሚጨምርባችሁ ጠይቁ።

እናቴ ዛሬም እየከፈለች ነው።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ዘመኑን ታራዝሙ ነበር ወይስ ሸጣችሁ ትገላገሉ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ...