አገር ቲያትር አይደለችም

ፓርቲው የፕሬዝዳንት እጩውን ሊመርጥ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በፖለቲካ ያረጁት አቶ በላቸው ጠረጴዛውን በቡጢ እየደበደቡ፣ "አገር ቲያትር አይደለችም" ብለው ተቀመጡ።

ተፎካካሪያቸው፣ ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ተነሳ። ስለ ድሃ እናቶች ሲያወራ ድምፁ ተቆራረጠ፤ እንባው ወረደ። አዳራሹም አብሮት ተንሰቀሰቀ። እሱ ግን ልማድ ሆኖበት ስብሰባውን ወደሚቀርጸው ካሜራማን ዞረና፣ "ይቅርታ፣ እንባዬ ቀደመኝ። ከእናቶቹ ጀምረን እንድገመው?" አለ።

ተዋናዩ የት እንዳለ ትዝ ሲለው ላብ አጠመቀው። አቶ በላቸው ቀስ ብለው ሲነሱ ሰው ሁሉ "በቃ፣ አለቀለት" አለ።

እሳቸው ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

"እንድገመው፣ ልጄ" አሉ። "እኔም ጠረጴዛውን ስደበድብ ካሜራው ወደ ሰዉ ዞሮብኝ ነበር።"